ሳይረጋ፣ ሲጠራ

እኅቴ የተወለደችው ከቀኗ ቀድማ ነው። እናታችን ይህን ስታወራ እንደ ክስ ታቀርበው ነበር። "ገና አልጋውን ሳላነጥፍ መጣችብኝ" ትላለች። ከዚያ በኋላ በእኅቴ ሕይወት የሆነው ሁሉ የዚያ ጠዋት ተከታይ ይመስላል። ከመዳህ ወደ መሮጥ የተሻገረችው መራመድ የሚባለውን ዘልላ ነው። ሰው የጀመረውን ዐረፍተ ነገር እሷ ትጨርስለታለች፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የምትጨርስለት ባላሰበው ነገር ነው። ቤት ሽው ብላ ገብታ ሽው ብላ ስትወጣ እኛ የምናየው የመጋረጃውን መወዛወዝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሽው ተባለች። እውነተኛ ስሟን የምናውቀው እኔና የመዝገብ ቤት ሰዎች ብቻ ነን ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ እኔም ፀጉሬ ሸብቷል። አዲስ ቀለም በተቀባ ደረጃ ላይ ስወጣ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው፣ ያ ዘመን ድንገት ይመጣብኛል። ጠባቡ ቤታችን፣ የማይዘጋው የኩሽና መስኮት፣ ከኩሽናው የሚወጣው የእናታችን ድምፅ፦ "አንቺ ልጅ፣ ረጋ በይ!"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚለው አባባል በሌላ ሰው ቤት ተረት ነው፤ በእኛ ቤት ግን ዜና ነበር። ሽው ትምህርቷን እንደ ጨረሰች ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጠረች። ሳትለካ ቆረጠችና የአንድ የተከበሩ ሰውዬ ሱሪ አንደኛው እግሩ ቁምጣ ሆኖ ወጣ። ቀጥላ ዳቦ ቤት ገባች። ዳቦው መሐሉ ሊጥ እንደ ሆነ ከምድጃ እየወጣ ለደንበኛ ደረሰ። ባለ ዳቦ ቤቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። "ልጄ" አሏት ሲያሰናብቷት፣ "አንቺ የተፈጠርሽው ትኩሱን ዳቦ ለመብላት እንጂ ለመጋገር አይደለም።" ሽው እየሳቀች ነገረችን። ማታ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ከሰው ሁሉ የምትፈጥን ልጅ ከእኩዮቿ ሁሉ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር።

በመጨረሻ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ያለች ትንሽ የቀለም ፋብሪካ ተቀበለቻት። ሥራዋ ባዶ በርሜል ማጠብ ነበር። በርሜል ለማጠብ ችኮላ አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። እሷ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ከማጠቢያው ፊት ለፊት ባለው የመስተዋት መስኮት በኩል፣ የማደባለቂያውን ክፍል አየች። መሐሉ ላይ የሰው ቁመት ያለው የብረት ጋን ተቀምጧል፤ ውስጡ ትልቅ ምላጭ ይሽከረከራል፤ ፈሳሹ እየተሽከረከረ መሐሉ ላይ እስከ ታች የሚወርድ አዙሪት ይሠራል። ያን ዕለት ቤት ስትገባ እራት አልበላችም። "እናቴ፣ ከእኔ የሚፈጥን ነገር አየሁ" አለች። እናታችን፣ "እግዚአብሔር ይርዳው" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ጋን አጠገብ መቆም።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ እንቁላሉ ይባሉ ነበር። ስሙ የወጣላቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ራሳቸው ላይ አንዲት ፀጉር የለም። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ፈጠን ያለ ነገር ሲሠራ ካዩ እጃቸውን አንሥተው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላሉ። ስሙን ያውቁታል፤ አይቀየሙም። "እንቁላል ነኝ፤ ግን አልተሰበርኩም" ይሉ ነበር። ከብዙ ዓመት የበርሜል እጥበት በኋላ ረዳታቸው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር፣ ሽው በራቸው ላይ ቆማ ለመነቻቸው።

"ልጄ፣ አንቺ እኮ ጫማሽን የምታስሪው እየሮጥሽ ነው" አሏት።

"ማሰሪያ የሌለው ጫማ እገዛለሁ፣ ጋሼ።"

ሣቁና አስገቧት። እናታችን ያን ሳምንት ለጎረቤት ሁሉ "ይህችን እንኳ ረጋ ብላ ትያዝልኝ" እያለች ዞረች።

የፋብሪካው ዋና ምርት ቀለም ቢሆንም ቀለም ማስለቀቂያም ይሠሩ ነበር፤ ያረጀ ቀለም ላይ ሲቀቡት የሚያኮማትርና የሚያስነሣ ፈሳሽ ነው። ከግማሽ በላዩ ውሃ፣ የቀረው ቀለም የሚያሟሟ አልኮል ነበር። ወለል ላይ ጥሩ ይሠራል። የቆመ ነገር ላይ ግን ገና ብሩሹ ሳይነሣ ወርዶ ደፍ ላይ ይጠራቀማል፤ የሠራተኛውን ክንድ ያቃጥላል፤ ቀለሙም ከነክብሩ ባለበት ይቀራል።

በዚያው ዓመት የከተማው ቤተ መጻሕፍት ትልልቆቹን በሮች ለማደስ ወሰነ። እኔ በዚያን ጊዜ ቀኔን ሁሉ የማሳልፈው እዚያ ነበር፤ በሮቹን በደንብ አውቃቸዋለሁ። ቁመታቸው የሁለት ሰው ያህል ነው። በየዘመኑ የመጣ ኃላፊ ሁሉ የወደደውን ቀለም ስለ ደረበባቸው፣ ከሥር ያለው ቅርጽ ብርድ ልብስ እንደ ለበሰ ሰው ጉልበቱና ክርኑ ብቻ ይታይ ነበር። ማጠፊያቸው ከግንቡ ጋር አብሮ ስለ ተገነባ ነቅሎ አጋድሞ መሥራት አይቻልም። እድሳቱን የያዙት አናጢ ምላሳቸው እንደ መሮአቸው የሰላ ሽማግሌ ነበሩ። የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ አስጠርተው፣ "እመቤት፣ የሚሮጥ ነገር በቅቶኛል፤ የሚቆም ነገር አምጪልኝ" አሏት። ሥራ አስኪያጇ ጠንካራ ሴት ነበረች። የሚቆም ነገር አመጣለሁ ብላ ቃል ገባች።

ለዚህ ነው ያ ነጭ ዱቄት የመጣው። ሸክላ ነው ተባለ፤ ግን ከመሬት የተቆፈረ ሳይሆን በፋብሪካ የተሠራ ሸክላ፣ ከፉርኖ ዱቄት የላመ። አዲሷ ኬሚስት፣ ከላይኛው ፎቅ ትንሽ ላቦራቶሪ ያላት ቀጭን ልጅ፣ ወደ ማደባለቂያው ክፍል ወርዳ አስረዳቻቸው። ጠረጴዛው ላይ የነበሩ የቆርቆሮ ክዳኖችን ሰበሰበችና ደራርባ አሳየቻቸው።

"ዱቄቱ እንዲህ ነው። እጅግ ጥቃቅን ክዳኖች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ተደራርበው ተጣብቀዋል። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ውሃው መሐላቸው ይገባና አንድ በአንድ ይለያያሉ። ከዚያ ስትተዉአቸው የአንዱ ጠርዝ የሌላውን ፊት ይፈልጋል።" አንዱን ክዳን በጠርዙ አቁማ ሌላውን አስደገፈችው። "እንዲህ እየተደገፉ ቤት ይሠራሉ፤ ውሃው እዚያ ቤት ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ብትነኩት ቤቱ ይፈርስና ይፈሳል፤ ብትተዉት መልሶ ይሠራል።"

"ከእኛ ሠፈር ግንበኞች ይሻላል" አለች ሽው።

የመጀመሪያውን ድብልቅ እንደ ልማዳቸው ሠሩት፤ ውሃውንና አልኮሉን አንድ ላይ አድርገው ዱቄቱን መጨረሻ ላይ በተኑበት። ዱቄቱ ወርዶ እንደ አሸዋ ታች ተኛ። ቢያማስሉት፣ ቢያሞቁት፣ ቢለምኑት አልነሣም አለ። ኬሚስቷ መጥታ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

"አልኮል ከቀደመው ክዳኖቹ አይላቀቁም። ሸክላው መጀመሪያ ውሃውን ብቻ ጠጥቶ መጥገብ አለበት፤ አልኮሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።"

"በባዶ ሆድ አትጠጣ ነው የምትይው?" አለች ሽው።

ጋሽ እንቁላሉ ጋኑን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። ኬሚስቷም ሳቀች። "በትክክል! ጠግቦም ቢሆን ልክ አለው። አልኮሉ ከውሃው እኩል ከሆነ ይሰክርና ክዳኖቹ እንደገና ተቃቅፈው መሬት ላይ ይተኛሉ።"

ከዚያ ማሽኑ ተነሣ፤ ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው። ኬሚስቷ ወደ ደረጃው እየሄደች በጩኸቱ መሐል የሥራውን ቅደም ተከተል ለጋሽ እንቁላሉ ነገረቻቸው፦ "ውሃው ላይ በትኑት፣ አማስሉት፣ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ከዚያ አልኮሉን እንደ ክር አቅጥናችሁ አፍስሱ!"

እስኪረጋ። ጋሽ እንቁላሉ ይህን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሰብኩት የኖሩትን ነገር ሳይንስ መጥቶ መሰከረላቸው። "ሰማሽ ልጄ? የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል!" አሏት ሽውን።

ሸክላውን በውሃ አማስለው እስከ ማግስቱ ተዉት። በማግስቱ ጋኑ ውስጥ ያለው ነገር በእርግጥም ረግቶ ነበር፤ ጣት ቢያስገቡበት የጣት ጉድጓድ ይቀራል። አልኮሉን አፈሰሱበት። ምላጩ ሲነሣ የረጋውን እየቆራረጠ ጓል በጓል አደረገው፤ አልኮሉም በጓሎቹ መሐል እንደ ቦይ ውሃ ይመላለሳል። ጓሉ አልኮሉን አይቀበልም፤ አልኮሉ ጓሉን አይፈታም። ባልዲ ሞልተው ወደ ላይ ላኩላት። ኬሚስቷ ግራ ገባት፤ እሷ ዘንድ በብርጭቆ ስትሠራው እንደ ማር ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። አልኮሉን ቀነሰች፤ የሸክላውን መጠን ለወጠች፤ ውሃውን ሌላ አደረገች። ላይ ይሠራል፣ ታች አይሠራም።

"እስኪረጋ ጠብቃችኋል?" ትላለች።

"እንዴታ! ከረጋም አልፎ ተኝቷል" ይላሉ ጋሽ እንቁላሉ።

እውነታቸውን ነው ሁለቱም። ጋን ሙሉ ድብልቅ እየተደፋ ሰነበተ፤ በርሜል አጣቢዎቹም ሽውን "የጓል ፋብሪካ ከፈታችሁ እንዴ?" እያሉ ይቀልዱባት ጀመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ እንቁላሉን ጥርሳቸው አመማቸውና ወደ ሐኪም ሄዱ። ሲወጡ "ዱቄቱን ውሃው ላይ በትኚ፣ አማስዪ፣ ከዚያ አንድም ነገር እንዳትነኪ፤ እስከ ነገ ይርጋ" ብለው አዘዟት። ሽው በተነች፤ አማሰለች። ውሃው መጀመሪያ እንደ ወተት ነጭ ሆነ። ከዚያ ነጭነቱ እየሣሣ፣ እየሣሣ ሄደ። እሷ ጋኑ አጠገብ ቆማ ታያለች። ነገ ጠዋት ደግሞ ጓል ሊሆን ነው ብላ አሰበች። በኋላ ስትነግረኝ፣ "እጄ ነው እኔ አይደለሁም፤ ቧንቧውን የከፈተው እጄ ነው" አለችኝ። አልኮሉን እያማሰለች አቅጥና አፈሰሰችው።

በማግስቱ ጋሽ እንቁላሉ ጉንጫቸው አብጦ ገቡ። ክዳኑን ከፈቱ። ጋኑ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ንጹሕ መስተዋት ጠርቶ ቆሟል። በማንኪያ ቢያነሡት ማንኪያው ላይ ተቆልሎ ቀረ። ሽማግሌው የጥርሳቸውን ሕመም ረሱ።

"አየሽ! አየሽ ልጄ! ትዕግሥት! የረጋ ወተት..."

ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይላል። ለሽው ግን ዝም ማለትም ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው። "ጋሼ፣ አልረጋም ነበር! ትናንትና ነው ያፈሰስኩት፤ ሳይረጋ!"

የጋሽ እንቁላሉ ፊት ጠወለገ። አልጮሁም። "እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሥርዓት ነበር" ብለው ብቻ ወደ ሥራ አስኪያጇ ወጡ።

ሥራ አስኪያጇ ኬሚስቷን ይዛ ወረደች። "የሆነው ሆኗል፤ ደግመሽ አሳዪን" አለቻት ሽውን። ሰው ሁሉ በዙሪያዋ ቆመ። ሽው ዱቄቱን በተነች፤ ማሽኑን አስነሣች፤ ሳይረጋ ከሆነ ቶሎ ነው እንግዲህ ብላ፣ ውሃው ገና እንደ ወተት ነጭ ሳለ የአልኮሉን ቧንቧ ከፈተችው። ድብልቁ ተለያየ። ዱቄቱ አሸዋ ሆኖ ወደ ታች ወረደ።

"የቸኮለች..." አሉ ጋሽ እንቁላሉ፤ ግን አሳዘነቻቸው መሰለኝ አልጨረሱትም።

"ከነገ ጀምሮ ወደ በርሜሎቹ ተመለሺ" አለች ሥራ አስኪያጇ። "ጥፋት አይደለም፤ ግን ይህ ክፍል በዕድል አይሠራም።"

ሽው መሬት መሬት ታይ ነበር። በሕይወቷ አንድ ነገር ፈልጋለች፤ እሱም በመስተዋቱ ወዲያኛው በኩል ሊቀር ነው። በዚህ ጊዜ ኬሚስቷ ክንዷን ያዘቻት።

"እስቲ ቆይ። ትናንት ስታፈሺበት ውሃው ምን ይመስል ነበር?"

"ምን ይመስላል... ምላጩን አይቼዋለሁ።"

"የትኛውን ምላጭ?"

"የጋኑን ነዋ፤ ታች ያለውን። ማሽኑን አዘግይቼ ሳይ፣ በውሃው ውስጥ ብሎኑ ሳይቀር ይታየኝ ነበር።"

ኬሚስቷ ግንባሯን በእጇ መታች። "እስኪረጋ ያልኩት እሱን እኮ ነው!"

ጋሽ እንቁላሉ ቀና አሉ። "የምን እሱን? እሱማ መርጋት አይደለም። መርጋት ማለት እንደ እርጎ፣ ማንኪያ ሲያቆም ነው።"

"አይ ጋሼ፣ እኔ ያልኩት ዱቄቱ ከውሃው ጋር ተስማምቶ ጸጥ ሲል፣ ውሃው ሲረጋጋ..."

"ታዲያ ጸጥ ሲል አትይም ነበር? ልጄ፣ እኔ እኮ ከተወለድኩ ጀምሮ ወተት ሲረጋ አውቃለሁ!"

"እኔም ሰው ሲረጋ አውቃለሁ፤ ሰው ሲረጋ እርጎ ይሆናል እንዴ?"

ተያዩ። ከዚያ ሥራ አስኪያጇን አዩ። እሷ ደግሞ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩትን የተበላሹ በርሜሎች ታይ ነበር። "በአንዲት ቃል ይህን ሁሉ ደፋን?" አለች። ቀድመው መሳቅ የጀመሩት ያበጠ ጉንጫቸውን የያዙት ጋሽ እንቁላሉ ናቸው፤ "አታስቁኝ፣ ያመኛል" እያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በጣም ከፈጠኑ ሸክላው ውሃውን ሳይጠጣ አልኮሉ ይደርስበታል። በጣም ከታገሡ ቤቱን ሠርቶ በሩን ይዘጋል፤ አልኮሉ ውጭ ይቀራል። በሁለቱ መሐል ውሃው የሚጠራበት፣ ግን ገና ያልቆመበት አጭር ጊዜ አለ። ሽው ያን ጊዜ አንድ ቀን በእጇ አግኝታዋለች፤ በማግስቱ ደግሞ በፍርሃት ቀድማዋለች። ትዕግሥትን ለመቶ ዓመት ቢሰብኩላት የማትሰማው ልጅ፣ አሁን የምትጠብቀው ነገር መልክ ነበረው።

"በሩ የሚሞከረው በዚህ ሳምንት ነው" አለች ሥራ አስኪያጇ። "የሚወሰደው ድብልቅ ያንቺ ይሁን። ከቆመ ትቆያለሽ። ከፈሰሰ ግን፣ ልጄ፣ በርሜል ነው።"

"እኔ አልነካም፤ ራሷ ትሥራው" አሉ ጋሽ እንቁላሉ፤ ወንበራቸውንም ወደ ጥግ ወሰዱ።

ያን ድብልቅ ስትሠራ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ እንደ ቆመች ነገረችኝ። ውሃው ነጭ ነበር። ጭጋግ ሆነ። እጇ ወጣ፤ መልሳ ከተተችው። ጭጋጉ ሣሣ። የምላጩ ጥላ ታየ፤ ከዚያ ጠርዙ፣ ከዚያ ብሎኑ። "ጠራ!" ብላ ጮኸችና ቧንቧውን ከፈተች። የአልኮሉ ክር ቀጥኖ ወረደ፤ አዙሪቱ እየዋጠ አስገባው፤ ድብልቁ ሳይለያይ፣ ሳይጓጉል፣ ተቀበለው። የበሩ ቀለም ድርብርብ ስለሆነ ትንሽ ልጨምርበት ወይ ብላ ቧንቧው ላይ እጇን እንደ ጫነች ኬሚስቷን አየቻት። ኬሚስቷ ሰካራም ሰው እያስመሰለች ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደች። ሽው ዘጋችው።

በሩ በተሞከረበት ጠዋት እኔም ከአንባቢዎቹ ጋር ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። አናጢው ደፉ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈዋል። "አንዲት ጠብታ ጨርቁ ላይ ካየሁ" አሉ፣ "ባልዲያችሁን ይዛችሁ በመጣችሁበት።" ሽው ባልዲዋን አስቀምጣ ክዳኑን ከፈተች። አናጢው ጎንበስ ብለው ብሩሻቸውን ከተቱ። ብሩሹ ቆሞ ቀረ። ቢስቡት ባልዲው አብሮ ተነሣ።

"እመቤት" አሉ ለሥራ አስኪያጇ፣ "ይህን ልቀባው ነው ወይስ ልጥረበው?"

ሰው ሳቀ። ጋሽ እንቁላሉ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ሽው ዱላ አንሥታ ባልዲውን በኃይል አማሰለችው። ያ ደርቆ የቆመ ነገር እንደ ዘይት ለስልሶ ተንቆረቆረ።

"አሁን ደግሞ ፈሰሰ!" አሉ አናጢው። "ቅድም ድንጋይ፣ አሁን ሾርባ! እኔ የጠየቅሁት..."

አልጨረሱም፤ ሽው ብሩሹን ከእጃቸው ወስዳ፣ በሩን በተደገፈው መሰላል ላይ ወጥታ፣ የበሩን ቀኝ ክንፍ ከላይ እስከ ወገቡ ቀብታዋለች። የተቀባው ነገር አብረቀረቀ፤ ጥቂት እንደ መንሸራተት ቃጣው፤ ከዚያ ቆመ። ባለበት፣ ወፍራም ሆኖ፣ በቅርጹ ጉብታና ስርጉድ ሁሉ ላይ ተጣብቆ ቆመ። አንዲት ሴት ከኋላዬ "ውይ!" አለች።

አናጢው ጣታቸውን አስጠግተው ነካ አደረጉት። በተነካበት ላልቶ ተንቀሳቀሰ፤ ጣታቸውን ሲያነሡ መልሶ ጸና። ደጋግመው ነኩት። "አማቴ እንዲህ ናቸው" አሉ በመጨረሻ። "ካልነኳቸው እንደ ግንብ ቆመው ያድራሉ።"

ድብልቁ የጠራ ስለ ነበር ከሥሩ የሚሆነው ይታያል። መጀመሪያ የላይኛው አረንጓዴ ቀለም እንደ ሽማግሌ ቆዳ ተሸበሸበ። ከዚያ ከሥሩ ቡናማው አበጠ፤ ከዚያ አመዱ፣ ከዚያ ማንም የማያስታውሰው ሰማያዊ። አናጢው መፋቂያቸውን አስገቡና ወደ ላይ ገፉት። ሁሉም ቀለም በአንድ ላይ ተጠቅልሎ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ወረደ። እንጨቱ ታየ፤ ቀይ፣ ንጹሕ፣ ትናንት የተላገ የሚመስል። እንጨቱ ላይ ወይን ተቀርጾ ነበር፤ በወይኑ መሐል ደግሞ የጥፍር ያህል ወፎች፣ እያንዳንዳቸው ላባቸው ሳይቀር። ከእኛ መሐል ያንን በር በቀን ሁለት ጊዜ የማይገፋ አልነበረም፤ ወፎች እንዳሉበት ግን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ የተነሣው ጭብጨባ የንባብ ክፍሉን ጸጥታ ጠባቂ ሳይቀር ወደ ደጅ አስወጣው።

አናጢው ግን ገና አልፈረዱም። ተንበረከኩ። ነጩን ጨርቅ በሁለት እጃቸው አንሥተው ለፀሐይ ያዙት፤ ገለበጡት፤ እንደገና አዩት። ከዚያ እንደ ባንዲራ ከፍ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩት። አንዲት ጠብታ አልነበረበትም።

"ይህን ማን ሠራው?" አሉ።

ሥራ አስኪያጇ አፏን ስትከፍት ጋሽ እንቁላሉ ቀደሟት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቀድመው የተናገሩት ያን ቀን ይመስለኛል። "የማደባለቂያ ክፍላችን ባለሙያ ናት የሠራችው" አሉ፤ በትልቅ ድምፅ፣ እያንዳንዷን ቃል እየረገጡ። "እዚያ መሰላሉ ላይ ያለችው።"

ሥራ አስኪያጇ ወደ ሽው ቀና ብላ አየች። "ሰምተሻል" አለቻት። "በርሜሎቹን ሌላ ሰው ያጥባቸዋል።"

ሽው ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ክፍል ሠራች። ጋሽ እንቁላሉ ሲሰናበቱ ኃላፊነቱን ያስረከቡት ለእሷ ነው። አዲስ ሰው ሲቀጠር "ረጋ" የሚለውን ቃል በጋኑ አጠገብ እንዳይናገር ታስጠነቅቀው ነበር፤ ሥራ መሐል የሚፈቀደው ጥያቄ "ጠራ?" የሚለው ብቻ ነው። እናታችን ይህን ሁሉ ለማየት በቃች። ልጇ በምን እንደ ተሳካላት ግን እስከ መጨረሻው አልገባትም፤ "ሸክላ ትሠራለች" ትል ነበር ለሚጠይቃት ሁሉ፣ በኩራት።

እኔ ግን ከሁሉ የማስታውሰው ያን ጠዋት ነው። ኬሚስቷ እያለቀሰች ትስቃለች። ጋሽ እንቁላሉን የማያውቋቸው ሰዎች ይጨብጧቸዋል። አንባቢዎቹ እየተጋፉ ወፎቹን በጣታቸው ይነካሉ። አናጢው ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ግራውን የበር ክንፍ ገና ከነአረንጓዴ ቀለሙ እንዳለ አዩትና፣ "በሉ እንግዲህ፣ ሌላ ባልዲ ይኖራችኋል?" ብለው ዘወር አሉ። ሽው መሰላሉን አንሥታ ግራው ክንፍ ላይ አቁማዋለች፤ ሁለተኛው ባልዲ ተከፍቶ፣ ተማስሎ፣ ብሩሹ ከላይኛው ጠርዝ ደርሷል።